ከግቢ ወጥተን ማኅበር ስንጀምር

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ከያዙ፣ ግቢ ጉባኤ (የኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ጉባኤ) ላይ የለመዱትን ኅብረት ደግሞ መቀጠል ከፈለጉ ወጣቶች የደረሱን ናቸው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

*

«ዘጠኝ ነን፤ በአንድ ግቢ ጉባኤ አብረን አገልግለናል። ከተመረቅን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ሁላችንም አዲስ አበባ ሥራ ይዘናል። በቴሌግራም በየቀኑ እንነጋገራለን፤ በአካል ግን ከሠርግ በቀር አንገናኝም። ጽዋ ማኅበር ለመጀመር አስበናል። ሥርዓቱን በቅጡ የሚያውቅ ከመካከላችን የለም። ከየት እንጀምር?» — ከአዲስ አበባ

ቀኑን ከመቁረጥ ጀምሩ። ግቢ ሳላችሁ ሰዓቱን የወሰነላችሁ ሌላ አካል ነበር፤ ዶርሙ ቅርብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ፣ የጉባኤው ቀን የታወቀ። አሁን አንዱ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ሆስፒታል አዳር ትገባለች፣ ሌላው ሳይት ላይ ነው። «በሚመቸን ቀን እንገናኝ» ካላችሁ አትገናኙም፤ ለዘጠኝ ሰው እኩል የሚመች ቀን የለምና። የጽዋ ማኅበር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑ በቅዱሱ በዓል የተቆረጠ ስለሆነ በየወሩ ድምፅ መስጠት አያስፈልግም።

ቀን ስትመርጡ የየቤተሰባችሁን ማኅበር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምን ወይም 27 መድኃኔ ዓለምን ይመርጣል። በእነዚህ ቀኖች ግን የእናታችሁ ማኅበር፣ የጎረቤት ዝክር፣ የአጥቢያው ንግሥ ስለሚደራረብ ከዘጠኙ ሦስቱ በየወሩ ይቀራሉ። 5 አቦን፣ 14 አቡነ አረጋዊን ወይም 24 ተክለ ሃይማኖትን ብታስቡበት ይሻላል። ዕለቱ በሥራ ቀን ሲውል ሁለት አማራጭ አለ፤ ያንኑ ዕለት ከሥራ መልስ 12 ሰዓት ላይ መገናኘት፣ ወይም ዕለቱን እያንዳንዱ በጸሎት አስቦት ውሎ ጽዋውን ለሚቀጥለው እሑድ ማድረግ። የመጀመሪያው ለሥርዓቱ ይቀርባል፤ ከተማዋ ግን ሰፊ ናት፣ ትራንስፖርቱም የታወቀ ነው። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ «የሚቀጥለው እሑድ» ብላችሁ ቁረጡት፤ «ከዚያ ወዲህ ባለ አንድ ቀን» አትበሉ።

ዓመቱ 12 ጽዋ አለው፤ ጳጉሜን አጭር ስለሆነች ተራ አይወጣባትም። ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ወር ያስተናግዳል፤ የቀሩትን ሦስት ወራት በአጥቢያችሁ ሰንበቴ ቤት አስፈቅዳችሁ አድርጉ፣ ወይም ሦስት ሰው ጨምሩ። ከ12 ባትበልጡ ይመረጣል። 12 ሰው እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢናገር 36 ደቂቃ ነው፤ 20 ሰው ሲሆን ግን ሰዓት ሙሉ ይሄዳል፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ መቀመጫውም አይበቃ።

ቀጥሎ ካህን። የመጀመሪያውን ጽዋ ከማውጣታችሁ በፊት ከመካከላችሁ ለአንዱ ንስሐ አባት ወይም ለአጥቢያው አስተዳዳሪ አሳውቁ፤ ዳቦውን የሚባርክ፣ ማኅበሩን የሚመክር አንድ ካህን ይኑራችሁ። የእያንዳንዳችሁ ንስሐ አባት ለየብቻ መሆኑ አያስቸግርም። ካህኑን በዋዜማው ሳይሆን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማሳሰብና መጓጓዣቸውን ማሰናዳት የሙሴው ሥራ ነው።

ሙሴ ያልነው የማኅበሩን ሰብሳቢ ነው፤ ስሙን ከዚህ ቀደም ካልሰማችሁ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ሙሴነትን ጥሩ ለሚሰብከው አትስጡ። ሰዓት የሚያከብር፣ የቀረውን ሰው ደውሎ የሚጠይቅ፣ ጠብ ሲነሣ የማያዳላ ሰው ፈልጉ። ለአንድ ዓመት ይሁን። ከእሱ ጋር መዝገብና ገንዘብ የሚይዝ ሌላ ሰው ይመረጥ። መዋጮው ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ገቢና ወጪው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማኅበር በገንዘብ ሲፈርስ ምክንያቱ ሁልጊዜ ስርቆት አይደለም፤ ስንት እንዳለ ማንም አለማወቁ ይበቃል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ጽዋው፣ መሸፈኛ ጨርቁ፣ ሥዕለ አድኅኖ፣ ጧፍ፣ መዝገብ። በጉባኤው መጨረሻ ተረኛው ጽዋውን ለተረካቢው በጸሎት ያስረክባል፤ ተረካቢውም በዚያው ምሽት ወደ ቤቱ ይወስዳል። እዚህ ላይ የከተማ ልጆች ይሳሳታሉ። «ነገ እመጣና እወስደዋለሁ» ይባልና ጽዋው ወር ሙሉ ተረኛው ቤት ይቀመጣል፤ ተረካቢውም ተራው መድረሱን በዋዜማው ያስታውሳል። ጽዋው ቤቱ ያለ ሰው ግን አይረሳም።

ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ እንዲህ ብትከፍሉት፦ መሰባሰቢያ 10 ደቂቃ። ጸሎት (በስመ አብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም) 15 ደቂቃ። የዕለቱ ስንክሳር 10 ደቂቃ፤ የሚካኤል ማኅበር ከሆናችሁ ድርሳኑ በየወሩ የተከፈለ ስለሆነ የወሩን ታነባላችሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት 40 ደቂቃ። ስለ ኑሮና ስለ ሥራ መነጋገሪያ 20 ደቂቃ። ዳቦው ተባርኮ ጽዋው ተጠጥቶ፣ ተረካቢው ተረክቦ፣ «ለወሩ ያድርሰን» ተባብሎ ለመለያየት 25 ደቂቃ። ጥናቱን ከምግብ በኋላ አታድርጉት። ሰው ከጠገበ ጨዋታው ይደራል፣ ጥናቱም «ለሚቀጥለው ወር» ይባላል።

*

«ማኅበራችን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። መጀመሪያ ዳቦና ጠላ ነበር። አሁን ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ፣ ለስላሳ በሳጥን ሆኗል። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች ተራቸው ሲደርስ ምክንያት ፈጥረው ቀሩ፤ በኋላ እንደሰማነው ማስተናገጃ አጥተው ነው። እንዴት እንመልሰው?» — ከአዳማ

መጀመሪያ ያ ነገር እንዴት እንደመጣ ተመልከቱ። ማንም ድግስ ልደግስ ብሎ አልተነሣም። እያንዳንዱ ተረኛ ካለፈው ተረኛ እንዳያንስ አንድ ወጥ ጨመረ፤ 12 ሰው አንድ አንድ ሲጨምር ዓመት ሳይሞላ ሠርግ ሆነ። ስለዚህ «እንደየአቅማችን እናድርግ» የሚል ስምምነት አይፈታውም፤ አቅም የሌለው ሰው አቅሜ ይህ ነው ብሎ በሰው ፊት ማሳየት ስለሚሆንበት ያፍራል። የሚፈታው ክልከላ ነው። ያለውም የሌለውም እኩል የሚታሰርበት ሕግ ሲኖር «ሕጉ አይፈቅድም» ማለት ይቻላል፤ ማንም ቆጥቋጣ አይባልም።

ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 11 ቁጥር 20 እስከ 22 የገሠጸው በዚሁ ነው። አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር፤ ምንም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን ብሎ ጠየቃቸው። ሕጉን በምታጸድቁበት ቀን ይህን ክፍል አብራችሁ አንብቡት፤ ከሙሴው ተግሣጽ ይልቅ ይሰማል።

ሕጉ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይሁን። አንደኛ፣ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ብቻ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ነቢያት፣ ሐዋርያትና ፍልሰታ፣ ከዚያም ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ ጽዋችሁ በጾም ላይ የሚውልበት ወር ብዙ ነው። የቀሩትንም ወራት በዚያው ልክ ስታደርጓቸው ዶሮው ያለ ክርክር ይወጣል። ሁለተኛ፣ ከሦስት ነገር አይበልጥም፤ ዳቦ፣ ንፍሮ ወይም ቆሎ፣ አንድ መጠጥ።

ለ12 ሰው የሚበቃው ይህ ነው። ለዳቦው 2 ኪሎ የፍርኖ ዱቄት፣ አንድ ሊትር ከሩብ ገደማ ለብ ያለ ውኃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል። ውኃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ እርሾው ይሞታል፤ ሊጡም ኩፍ አይልም። እንዲፈጥን ብሎ እርሾ ማብዛትም አያዋጣም፣ ዳቦው ይሸታል፣ ሲቆረስም ይፈረፈራል። ሊጡ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይረፍ፤ በኮባ ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ከታችም ከላይም እሳት እያገኘ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይጋገራል፤ ምድጃ ያለውም በምድጃ ይጋግር። ካህኑ ሳይባርኩት እንዳይቆረስ። «ይቀዝቅዝ» ብሎ ቆርሶ የሚያቀርብ ተረኛ አይጠፋም፤ አስቀድማችሁ ንገሩት። ለንፍሮው 1 ኪሎ ስንዴና ግማሽ ኪሎ ሽምብራ በዋዜማው ዘፍዝፎ መቀቀል ነው። ቆሎ ከሆነ 1 ኪሎ ገብስ ይበቃል።

ጠላ መጥመቅ ለተቀጣሪ ሰው ከባድ ነው፤ ከጥንስሱ ጀምሮ ቀናት ይፈልጋል። 1 ኪሎ ማር በ5 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ብርዝ አድርጉት፤ ለሁሉም ሁለት ሁለት ብርጭቆ ይደርሳል። በዕለቱ ጠዋት ይበጥበጥ፤ ሁለት ቀን ካደረ መፍላት ይጀምራል። ያም ካልተቻለ ውኃ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 42 ዋጋው እንዳይጠፋ የተነገረለት አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ነውና፣ ውኃ ማቅረብ የሚያሳፍረው ሰው ይህን ያስታውስ።

የቀሩትን ሁለት ልጆች በተመለከተ፣ ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ሙሴው በአካል ሄዶ ይንገራቸው። ለምን እንደቀሩ አይጠይቃቸው። የሚቀጥለው ጽዋ መቼና የት እንደሆነ፣ የሚቀርበውም ዳቦና ንፍሮ እንደሆነ ብቻ ይንገራቸው፤ የቀረው ይገባቸዋል።

*

«ጥናታችን ክርክር ሆኗል። ሁለት ልጆች ይናገራሉ፣ ሌሎቻችን እንሰማለን። ርእስ አንሥተን ሳንጨርሰው ሌላ ይነሣል። አንዳንዴ አንዱ ከስልኩ የሆነ ሰባኪ ቪዲዮ ይከፍትና ሰዓቱ ያልቃል።» — ከሐዋሳ

ርእስ ማንሣቱ ራሱ ነው ችግሩ። ርእስ ሲነሣ የሚናገረው አስቀድሞ አቋም ያለው ሰው ነው፤ ጥቅስ ይወረወራል፤ ሌላውም ጥቅስ ይመልሳል። መጽሐፍ ምረጡና በተራ አንብቡት። ለመጀመሪያ የያዕቆብ መልእክት ጥሩ ነው፤ አምስት ምዕራፍ ስለሆነ በአምስት ወር ያልቃል፤ የሚናገረውም ስለ ምላስ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ አድልዎ፣ ስለ ደመወዝ ነው። ከዚያ የማርቆስ ወንጌል፣ 16 ምዕራፍ። አንድ ምዕራፍ በወር ቀርፋፋ መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ያንኑ ምዕራፍ ሁሉም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለብቻው ካነበበው አራት ጊዜ አንብቦት ይመጣል።

አርባውን ደቂቃ እንዲህ ክፈሉት። ምዕራፉ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ 5 ደቂቃ። ዝምታ፣ 3 ደቂቃ፤ መጀመሪያ ላይ ይጨንቃል፣ ሦስተኛው ወር ላይ ይለመዳል። ከዚያ ዙር፦ እያንዳንዱ ሰው የያዘውን አንድ ቁጥርና ያልገባውን አንድ ጥያቄ ይናገር፤ ማንም መልስ አይስጥ። ለ12 ሰው አንድ ደቂቃ ተኩል እየደረሰው 18 ደቂቃ ይወስዳል። ይህ «ማንም አይመልስም» የሚለው ደንብ ከተጣሰ ሁሉም ይፈርሳል፤ ሁለተኛዋ ተናጋሪ ላይ ክርክሩ ይጀመርና አሥረኛው ሰው ተራ ሳይደርሰው ይቀራል። ቀጥሎ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለት መርጣችሁ 10 ደቂቃ ተወያዩባቸው። በቀረው 4 ደቂቃ እያንዳንዱ በሚመጣው ወር የሚያደርጋትን አንድ ነገር በአጭሩ ይናገር።

ለሁለቱ ጥያቄዎች የምታነቡትን መጽሐፍ አንድምታ (የሊቃውንቱን ትርጓሜ) አስቀድሞ ያነበበ ሰው በየወሩ በተራ መድቡ። በአብነት ትምህርት ቤት ነጠላ ንባቡ ሳይጠና ወደ ትርጓሜ አይገባም፤ ሊቃውንቱም ለአንድ ኃይለ ቃል ብዙ ፍች እየደረደሩ አንዱን በአንዱ ሳይሽሩ አስተላልፈውልናል። ይህን በዓይኑ ያየ ወጣት «የእኔ ብቻ ትክክል ነው» ማለት ይቀንሳል። የማይፈታ ጥያቄ ሲገጥማችሁ በመዝገብ ይጻፍ፤ ለመምህር ወይም ለካህኑ የሚያቀርበው ሰው ስሙ ከጎኑ ይጻፍ። ስም ካልተጻፈ ጥያቄው ከዓመት በኋላም እዚያው መዝገብ ላይ ነው።

ስልክ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ይግባ፤ ሰዓት የሚጠብቀው ብቻ ይያዝ። መጽሐፍ ቅዱሱን በስልክ የሚያነብ ካለ የታተመ አምጡለት። ሁለቱን ተናጋሪዎች ደግሞ አትገሥጹአቸው። አንደኛውን አንባቢ፣ ሁለተኛውን ሰዓት ጠባቂ አድርጉት፤ ሰዓት የያዘ ሰው የራሱንም ደቂቃ ይቆጥራል።

*

«26 ዓመቴ ነው። በምሕንድስና ተመርቄ ባንክ ገንዘብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ይህ ሥራ የእግዚአብሔር ዓላማ ለእኔ ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። የማኅበራችን አባላት ይወዱኛል፤ ግን አንዷ ‹ውጭ አገር ስትሄጂ አየሁ› አለችኝ፤ ሌላው ‹አንቺስ ገዳም ነው የሚሻልሽ› ይለኛል። በጣም ተምታቶብኛል።» — ከባሕር ዳር

እኅታችን፣ ከሕልሙ እንጀምር። ማኅበርተኛሽ ያየችውን ማየቷን አንጠራጠርም፤ ሕልም ሁሉ መልእክት ነው ግን አንልም። የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 1 መናፍስትን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ ይላል። የሚመረምረው ደግሞ ንስሐ አባትሽ እንጂ ማኅበሩ አይደለም። ማኅበራችሁ አንድ ደንብ ቢያወጣ መልካም ነው፤ ስለ ሌላ ሰው ሕይወት ያየሁትን ሕልም በጉባኤ አልናገርም፣ ለካህን እናገራለሁ የሚል። ብዙ ማኅበር በዚህ ተቃውሷል። በሕልም ሥራ የለቀቀ ሰው ሲከስር የተናገረችው ልጅ ታፍራለች፤ ሁለቱም ይቀራሉ።

ገዳምን በሚመለከት፣ ገዳም የሚገባ ሰው አመክሮ (የመፈተኛ ጊዜ) ሳይፈጽም አይመነኩስም። አበው አስቀድመው የሚያዩት ሰውዬው ከምን ሸሽቶ እንደመጣ ነው። የባንክ ሥራ ስላሰለቸሽ ብቻ ከሆነ እዚያም ሥራ አለ፤ ከባንኩ የሚብስ።

አሁን ወደ ሥራሽ። ሉቃስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10 እስከ 14 አንብቢ። ሕዝቡ መጥተው ምን እናድርግ ብለው መጥምቁ ዮሐንስን ጠየቁት። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል አለ። ቀራጮች መጡ፤ ቀራጭነቱን ተዉ አላላቸውም፣ ከታዘዘው አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ጭፍሮች መጡ፤ በማንም ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። በዚያ ዘመን ከሁለቱ ሙያ ይልቅ የሚጠላ ብዙም አልነበረም። ዮሐንስ ግን ነገ ጠዋት ሥራቸው ላይ ተገኝተው ሊያደርጉት የሚችሉትን ነገራቸው። አንቺም እንዲሁ ጠይቂ፦ ገንዘብ ቤት ውስጥ፣ ነገ፣ ምን? ፊርማው የተበላሸበትን አዛውንት መመለስ ወይስ ቁጭ አድርጎ ማስፈረም፤ ጉድለት ሲገኝ የታችኛውን ሠራተኛ አሳልፎ መስጠት ወይስ ሒሳቡን እንደገና መቁጠር።

ይህ ማለት ግን ምሕንድስናሽን ቅበሪው ማለት አይደለም፤ ሥራ ማመልከትሽን ቀጥዪ። ጎን ለጎን ለአራት ወር ይህን ሞክሪ። በመጀመሪያው ወር ማስታወሻ ያዢ፤ ሰዎች ለምን ጉዳይ ወደ አንቺ እንደሚመጡ፣ ማንም ሳያዝሽ ምን እንደምትሠሪ፣ በአቅራቢያሽ የተጓደለው ምን እንደሆነ። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር አንድ አገልግሎት ብቻ ይዘሽ በሳምንት ሁለት ሰዓት አገልግዪ። ምሕንድስና የተማረች ሰው በሰንበት ትምህርት ቤት ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሒሳብና ፊዚክስ ማስጠናት ትችላለች፤ የአጥቢያው ሕንፃ ኮሚቴም የሕንፃ ንድፍ የሚያነብ ሰው ይፈልግ ይሆናል። አንድ ብቻ ያልነው በምክንያት ነው፤ ሦስት አገልግሎት የያዘ ወጣት ብዙ ጊዜ ሦስቱንም በአንድ ቀን ይተዋል።

ከማኅበሩ የምትፈልጊው ምክር አይደለም፣ ክትትል ነው። በየወሩ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁሽ፦ ሄድሽ ወይ? ምን አደከመሽ? ማን ተጠቀመ? በአራተኛው ወር መጨረሻ ማስታወሻውን ይዘሽ ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ። «ዓላማዬ ምንድን ነው?» ብሎ ባዶ እጅ መሄድና አራት ወር የተጻፈ ነገር ይዞ መሄድ ልዩነት አለው፤ ለሁለተኛው አባትም የሚሉት ያገኛሉ።

*

«እዚህ ዴንቨር ያደግን ልጆችና ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣን ተቀላቅለን ማኅበር ጀምረናል። ግማሹ ፊደል አያነብም። ‹በየወሩ 21› ብለን በስልካችን ያስቀመጥነውም ቀን ሁልጊዜ እየተዛባ ነው።» — ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ

ስልካችሁ የያዘው የፈረንጁን 21 ነው። የእኛ 21 በእነርሱ አቆጣጠር በየወሩ ይለያያል። መስከረም 21 ኦክቶበር 1 ሲሆን ጥቅምት 21 ደግሞ ኦክቶበር 31 ነው፤ አንዱ ኦክቶበር ሁለት ጽዋ ይይዛል፣ ሴፕቴምበር ምንም የለውም። ኅዳር 21 ኖቬምበር 30፣ ጥር 21 ጃንዋሪ 29፣ ግንቦት 21 ሜይ 29፣ ነሐሴ 21 ኦገስት 27 ላይ ይውላሉ። «በየወሩ» የሚለውን ትታችሁ «በየ30 ቀኑ» ብላችሁ ሙሉት። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 21 ግን 35 ቀን ነው፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 36፤ እዚያ ላይ በእጅ አስተካክሉ። 2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለሆነች የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ እስከ የካቲት ድረስም ቀኖቹ በአንድ ይገፋሉ።

ለቋንቋው፣ ንባቡን በየ10 ቁጥሩ ቁረጡትና በአማርኛ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ ይነበብ። ምዕራፉ ከተነበበ በኋላ በአንድ ጊዜ መተርጎም አይበጅም፤ አማርኛ የማይሰሙት እስከዚያ ስልካቸው ላይ ናቸው። ጸሎቱ ግን አይተርጎም፣ ይጠና። አቡነ ዘበሰማያትን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ ስጧቸው፤ በሁለት ወር ይይዙታል። ከዚያ ወረቀቱን ሰብስቡት፣ አለዚያ ዓመት ሙሉ ከወረቀቱ አይላቀቁም። ለፊደሉ በየጽዋው ሦስት ቤት፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያላችሁ 33ቱን ፊደላት በ11 ወር ትጨርሳላችሁ።

በዙም መገናኘት ለታመመና ለተጓዘ ይሁን። ጽዋ በዙም አይተላለፍም። የሚጠጣውን በተመለከተ ብርዝ ወይም ውኃ ይበቃል፤ የወይን ጭማቂ ግን አታድርጉ፣ አዲስ የመጡት ከቅዱስ ቁርባን ጋር ያምታቱታል።

*

«ፕሮቴስታንት የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ማኅበራችንን ማየት ይፈልጋል። መጋበዝ ይቻላል?» — ከድሬዳዋ

ይቻላል፤ ሙሴውንና የዚያን ወር ተረኛ አስቀድመህ አስፈቅድ። የማኅበሩ ዳቦ ዝክር እንጂ ቁርባን ስላልሆነ እንግዳ መብላቱ አይከለከልም፤ ጽዋውን ለመቅመስ ካልፈለገ አታስገድዱት። ለማኅበርተኞቹ አንድ ነገር ንገር፦ በዚያ ቀን ስለ ልዩነት ክርክር አይነሣ። የዙሩን ተራ ለእሱም ስጡት፤ ቁጥሩንና ጥያቄውን ይናገር። መጠየቅ ከፈለገ ሌላ ቀን፣ መምህር ባለበት።

*

«ከማኅበራችን አንዱ ከሦስት አባላት ገንዘብ ተበድሮ መክፈል አልቻለም፤ አሁን አራቱም አይመጡም። ዕቁብም አብረን እንጣል የሚሉ አሉ።» — ከጎንደር

የማቴዎስ ምዕራፍ 18 ቁጥር 15 እስከ 17 ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል፤ ለብቻ፣ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። እናንተ ከመጨረሻው ጀምራችሁ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ተነጋግራችሁበት ከሆነ መጀመሪያ ያ ጽሑፍ ይጥፋ። ከዚያ አበዳሪዎቹ አንድ በአንድ ያነጋግሩት፤ ካልሆነ ሙሴው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆኖ የአከፋፈል ጊዜውን በወረቀት ያስፍር፤ መጠኑ ትንሽ ይሁን፣ ቀኑ ግን ደመወዙ በገባ ማግሥት። ዕዳው ሳያልቅም ቢሆን አራቱ ወደ ጽዋው ይመለሱ፤ ተበዳሪው ተራው ከደረሰ ዳቦውን ማኅበሩ ይጋግርለት።

ዕቁቡን ከጽዋው ጋር አትቀላቅሉ። ዕቁብ የዘለለ ሰው ገንዘቡን እስኪያሟላ ከጽዋውም ይቀራል፤ ጽዋ የቀረ ሰው ደግሞ ዕቁቡን ሊያመልጥ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። መጣል ከፈለጋችሁ በሌላ ቀን፣ በሌላ መዝገብ፣ ከማኅበሩ ውጭ ያሉ ሰዎችም ገብተውበት፣ ሰብሳቢውም ሙሴው ያልሆነ ሰው ይሁን።